ስለ ቃኘው ሻለቃ ዘማቾች፤ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የቀረበ ንግግር



በዚህ የምሥረታ በዓል ቀን ስለ ትምህርት፥ ስለ ስፖርትና ስለ ኪነ ጥበብ የሚነገር ብዙ ነገር እንዳለ እናውቃለን። እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ግን ለንግግራችን የመረጥነው የወታደሮችን ነገር ነው። ትምህርት ቤት የጦር ሰፈር ስላልሆነ፥ በደስታ ቀን ስለ ጦርነት ማንሣት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ዕድሜውን ቈጥሮ በዓል ሲያደርግ ያለፉትን ሰዎች ማስታወሱ ነው። ያለፉትን የምናስታውስ ከሆነ ደግሞ ልጅነታቸውን ገና ሳይጨርሱ ወደ ሩቅ አገር ዘምተው የቀሩትን ልንዘልላቸው አይገባም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው በኮሪያ ጦርነት ስለ ዘመተው ስለ ቃኘው ሻለቃ ነው።

አስቀድመን ሻለቃ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሻለቃ ስሙ እንደሚያመለክተው ሺሕ ያህል ሰው የሚይዝ የእግረኛ ጦር ክፍል ነው። ክፍለ ጦር ትልቅ ነው፤ በውስጡ ያለ ሰው ሁሉን ሰው አያውቅም። ሻለቃ ግን አንድ ትምህርት ቤት ያህል ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ እንዳለን ተማሪዎች ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በመልክ ይተዋወቃሉ፤ ማን ቀልደኛ፥ ማን ዝምተኛ፥ ማን ዘፋኝ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲወድቅ የሚወድቀው ቍጥር ሳይሆን የሚያውቁት ሰው ነው። ስለዚህም በብዙ አገር የሻለቃ መታሰቢያ ከትልቅ ጦር መታሰቢያ ይልቅ ወደ ሰው ልብ የቀረበ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል ከእንግሊዞች አንድ ሻለቃ እንጥቀስ። በዚያው በኮሪያ ጦርነት ከሚያዝያ 14 እስከ 17 ቀን 1943 ዓ.ም. ድረስ የግሎስተርሻየር ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ በኢምጂን ወንዝ አጠገብ በቻይና ጦር ተከብቦ ተዋጋ። ጥይቱ እስኪያልቅ ድረስ ኮረብታውን ሳይለቅ ቈየና በመጨረሻ አብዛኛው ሰው ተማረከ። እንግሊዞች ይህን ሻለቃ እስከ ዛሬ አልረሱትም። በግሎስተር ከተማ የወታደሮቹን ዕቃና ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም አላቸው፤ በየዓመቱም በኅዳር መጀመሪያ በመላው አገራቸው የጦርነት ሙታን ሁሉ ሲታሰቡ፥ ባለ ትንሽ ደብር መንደር እንኳ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የልጆቹን ስም ቆሞ ያነባል። ይህን የምንናገረው እንግሊዞችን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት፥ እነዚያ ሰዎች በኢምጂን ኮረብታ ላይ ሲዋጉ፥ ከአዲስ አበባ የተነሡ ከሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደዚያው ጦርነት በባሕር ላይ ይጓዙ ስለ ነበረ ነው። የእነዚያ ስም በየመንደሩ ይነበባል። የእነዚህንስ ስም ከእኛ ማን ያነባል? የንግግራችን ጥያቄ ይህ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ኢትዮጵያ ከኮሪያ ጋር ወሰን የላትም፤ በዚያ ዘመን በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ይህ ነው የሚባል ንግድም ሆነ ዝምድና አልነበረም። ታዲያ ልጆቿን ስለ ምን ላከች?

መልሱን ለማግኘት ወደ 1928 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ፤ በአይሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ሕዝቡን ፈጀ። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንዱ አባል ቢጠቃ ሌሎቹ እንዲረዱት ያዝዝ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው የሕዝባቸውን ጉዳት ተናገሩ፤ እርዳታም ጠየቁ። ጉባኤው ሰማ፤ ግን አልረዳም። እንዲያውም በኢጣልያ ላይ ተጥሎ የነበረው የኤኮኖሚ ማዕቀብ ብዙ ሳይቈይ ተነሣ። ኢትዮጵያውያን አርበኞች አምስት ዓመት በየጫካውና በየዋሻው ብቻቸውን ተዋጉ። በመጨረሻም ብሪታንያ ራስዋ ከኢጣልያ ጋር ጦርነት ስለ ገጠመች የእርስዋና የቅኝ ግዛቶችዋ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

እንግዲህ ይህን ያየ አገር፥ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን የኬክሮስ መሥመር ተሻግሮ ደቡብ ኮሪያን በወረረ ጊዜ፥ የተባበሩት መንግሥታትም አባሎቹን ለእርዳታ በጠራ ጊዜ ምን ሊል ይችላል? «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ቢል በ1928 ዓ.ም. እርሱን ጥለውት እንደ ሄዱት መሆኑ ነው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ኢትዮጵያ ድሩ ባላበረ ጊዜ የሚሆነውን በራስዋ ላይ አይታለች። ስለዚህ ዐሥራ ስድስት አገሮች የጦር ኃይል በላኩ ጊዜ ከአፍሪካ የእግረኛ ጦር የላከች እርስዋ ብቻ ሆነች። ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ጓድ ነበር።

ለዚህ ዘመቻ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነው። የክቡር ዘበኛ በዚያ ጊዜ በስዊድን መኮንኖች የሠለጠነ፥ በሥርዓቱም የታወቀ ጦር ነበር፤ አዛዡም ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ለሻለቃው የተሰጠው ስም «ቃኘው» የሚል ነው። ይህ የንጉሠ ነገሥቱ አባት የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበርና። ራስ መኰንን በዓድዋ ጦርነት ከዘመቱት ታላላቅ መኳንንት አንዱ ስለ ነበሩ፥ ስሙ ወታደሮቹን ከዓድዋ ጋር የሚያያይዝ ነበር። የዘማቹ ጦር የበላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፥ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ አዛዥ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። ሁለተኛውን ቃኘው ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፥ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል።

የመጀመሪያው ሻለቃ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ሲለማመድ ቈይቶ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ተቀበለና በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ተነሣ። የለገሃር ጣቢያ ከእኛ ከልደታ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በሠፈራችን አልፎ ወደ ሜክሲኮና ወደ ለገሃር የሚወርደው የቀላል ባቡር ሐዲድ በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። ስንቶቻችን በዚያ ስናልፍ ጣቢያው የዘማች እናቶች የተሰናበቱበት ቦታ እንደ ነበረ እናስባለን? ከእነዚያ ወታደሮች ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። ከጅቡቲ በአሜሪካ የጦር ማመላለሻ መርከብ ተሳፍረው ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው በሚያዝያ መጨረሻ በፑሳን ወደብ ደረሱ። እዚያም አዲስ መሣሪያ ተሰጥቷቸው ከተለማመዱ በኋላ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተደርበው በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ወደ ግንባር ወጡ።

የኮሪያ ጦርነት በዚያን ጊዜ የኮረብታ ጦርነት ሆኖ ነበር። ኮረብታው ስም የለውም፤ የሚጠራው በከፍታው ቍጥር ነው። በ1944 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያው ቃኘው በኮረብታ 602 እና በኮረብታ 700 ላይ ጽኑ ጦርነት አደረገ። ሁለተኛው ቃኘው በጥቅምት 1945 ዓ.ም. አሜሪካኖች «ትራያንግል ሂል» ይሉት በነበረው ኮረብታ በተደረገው ብዙ ደም በፈሰሰበት ውጊያ ተካፈለ። ሦስተኛው ቃኘው በ1945 ዓ.ም. የጸደይ ወራት «ፖርክ ቾፕ» በሚባለው ኮረብታ አካባቢ መሥመር ያዘ። የመጀመሪያው ሻለቃ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለጦር ክፍል የሚሰጠውን የክብር ምስጋና ተቀብሏል።

ጠላቱም አንድ ብቻ አልነበረም። በዚያ አገር ክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚያም ያልፋል። ደጋ ያደገ የአገራችን ሰው ውርጭ ቢያውቅም፥ በረዶ ጕልበት ድረስ ሲከመር፥ የጠመንጃው ብረት የእጅን ቈዳ ይዞ ሲቀር አያውቅም። በዚህ ሁሉ ላይ ትእዛዙ የሚመጣው በባዕድ ቋንቋ ሆኖ በአስተርጓሚ የሚተላለፍ ነበር።

የሌሊት ቅኝት ደግሞ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነበር። ጥቂት ሰዎች በጨለማ ከምሽጋቸው ወጥተው በሁለቱ ጦሮች መካከል ባለው ሸለቆ ገብተው የጠላትን እንቅስቃሴ ይሰልላሉ። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያኑን የሌሊት ቅኝት በሰፊው ተርኳል። ከእነዚያ ቅኝቶች አንዱን የመሩት ምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተ ወልድ ናቸው። በግንቦት 1945 ዓ.ም. 14 ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ሆነው ሳሉ፥ በኋላ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፥ 300 ያህል የቻይና ወታደሮች መጡባቸው። አራቱ ወዲያው ሞቱ፤ የቀሩትም ቈሰሉ። ማሞ ብዙ ጊዜ ቢቈስሉም ሰዎቻቸውን ሳይተዉ እየተዋጉ እርዳታ እስኪደርስ ቈዩ። ለዚህም የአሜሪካን የብር ኮከብ ኒሻንና ከአገራቸውም ከፍተኛ ኒሻን ተሸለሙ።

ስለ ቃኘው ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚነገርላቸው ነገር አለ። በ1945 ዓ.ም. ማብቂያ ተኩስ ቆሞ ምርኮኞች ሲለዋወጡ ከመካከላቸው አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የቈሰለውን ተሸክመው፥ የሞተውንም አስከሬን ይዘው ይመለሱ ነበርና ለጠላት የተዉት ሰው አልነበረም። የሞቱት በመጀመሪያ በፑሳን በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ተቀበሩ፤ በኋላ ግን ሁሉም ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ በመንበረ ፀባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፉ። የሞቱት ቍጥር ከ120 በላይ፥ የቈሰሉትም ከ500 በላይ ነው።

ስለ ቍጥር ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። የዘመቱት ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል፤ አንዱ 3,518፥ ሌላው 6,037 ይላል። ልዩነቱ የሚገባን በጦርነቱ ጊዜ የዘመቱት ሦስቱ ሻለቆች ብቻ ሲቈጠሩ ወደ 3,500 የሚጠጋ፥ ከተኩስ ማቆም በኋላ ሰላም ለመጠበቅ የሄዱት ሲጨመሩ ግን 6,000 ገደማ ስለሚሆን ነው። የመጨረሻዎቹ ኢትዮጵያውያን ከኮሪያ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። ይህን የምናነሣው ስለ ጀግኖች ስንናገር ቍጥር ማሳመር እንዳይለምድብን ነው። እውነቱ ራሱ ይበቃቸዋልና ጭማሪ አያሻቸውም።

ወታደሮቹ የሠሩት ሥራ መተኰስ ብቻም አልነበረም። ጦርነቱ ብዙ የኮሪያ ሕፃናትን ያለ አባትና ያለ እናት አስቀረ። ኢትዮጵያውያኑ ዶንግዱቾን በሚባለው ከተማ ለእነዚህ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ፤ ከደመወዛቸውም እየከፈሉ አበሏቸው፥ አለበሷቸው። የወታደር ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ የምታውቁ ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል። ከአገራችን የሄዱ ነርሶችም የቈሰሉትን አስታመዋል።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ እንመጣለን። ይህን ርእስ በክበባችን ስንወያይበት ከመካከላችን አንዳንዶቹ እንዲህ ብለው ጠየቁ፤ «መንግሥት ወታደሮቹን የላከው ለፍትሕ ብቻ ነውን? ለራሱ ጥቅም አልነበረምን?» ይህን ጥያቄ መደበቅ አይገባንም። በእርግጥ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የጦር መሣሪያና የሥልጠና እርዳታ ትፈልግ ነበር፤ በግንቦት 1945 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል የጦር እርዳታ ስምምነት ተፈርሟል። በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያ እንኳ «ቃኘው» ተብሎ መሰየሙ ይታወቃል። መንግሥታት አንድ ሥራ ሲሠሩ ብዙ ምክንያት ይኖራቸዋል።

ነገር ግን የመንግሥት ምክንያትና የወታደር ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኮረብታ 602 ላይ የቈሰለ ጓደኛውን በትከሻው የተሸከመ ሰው ስለ ስምምነቱ ምን ያውቃል? እርሱ ያደረገው ለጓደኛው ነው፤ ለሰንደቅ ዓላማውም ነው። ላላወቀውም ሕዝብ ደሙን ሰጥቷል። ስለ መንግሥት ሥራ መከራከር ተገቢ ነው፤ የታሪክ ትምህርትም ለዚሁ ነው። ክርክሩ ግን የሰውየውን ክብር ሊነካው አይገባም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው በአገራችን የሆነው ነገር እንዲያ ስላልነበረ ነው። የቃኘው ሰዎች ሲመለሱ በአበባና በእልልታ ተቀበሏቸው። ነገር ግን ብዙ ዓመት አልቈየም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሡ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ በዚያው ግርግር ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተያዙት ሹማምንት ጋር ተገደሉ፤ የክቡር ዘበኛም እንደ ቀድሞው መታመኑ ቀረ። ከዚያም የዘማቹን ጦር ወደ ኮሪያ የመሩት፥ በኋላም በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ያዘዙት ጄኔራል ከበደ ገብሬ፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ሰዎች አንዱ ሆኑ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ በሆነ ጊዜ ደግሞ «በኮሪያ ዘምቼ ነበር» ማለት የሚያኰራ ነገር መሆኑ ቀረና የሚያሳፍር፥ እንዲያውም የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ኒሻናቸውን ደብቀው፥ ታሪካቸውንም ለልጆቻቸው ሳይነግሩ የኖሩ አሉ። ብዙዎቹ በድኽነት አረጁ። በአዲስ አበባ «ኮሪያ ሰፈር» የሚባለው መንደር ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ነው፤ ስሙን ሁሉም ይጠራዋል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ዳርቻ ግን አልረሷቸውም። ኢትዮጵያውያኑ በተዋጉበት አውራጃ ባለችው በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. መታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ኮሪያን ሲጎበኙ በቦታው ተገኝተዋል። በሐውልቱ አጠገብ ከዚያው ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ቡና የሚፈላበት ቤት አለ፤ በኋላም የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል። አዲስ አበባና ቹንቾን እኅትማማች ከተሞች ሆነዋል። በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆሟል። በ1943 ዓ.ም. ፍርስራሽ የነበረችው ደቡብ ኮሪያ ዛሬ ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ሆና ለዘማቾቹና ለልጅ ልጆቻቸው የሕክምናና የትምህርት እርዳታ ትሰጣለች። ይህ መልካም ነገር ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን የራሳችንን ሰዎች ክብር ከባዕድ አፍ ብቻ መስማት ያሳዝናል። እንግዳ ያከበረውን ባለቤት ቢረሳው ነውሩ የባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? አንደኛ፥ ምስጋና በመንግሥት መለዋወጥ የሚለዋወጥ ከሆነ ምስጋና አይባልም። ዛሬ በአደባባይ የሚሞገስ ሰው ነገ ሥርዓት ሲለወጥ የሚደበቅ ከሆነ፥ የተከበረው ሰውየው ሳይሆን የጊዜው ፖለቲካ ነበረ ማለት ነው። የሙታን ክብር እንደ ሰንበት ልብስ የሚወጣና የሚገባ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ወታደሮችን ማሰብ ጦርነትን መውደድ አይደለም። ጦርነት ምን እንደ ሆነ በአገራችን በቅርብ ዓመታት ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ በዚህ ግቢም ሐዘን ያልገባበት ቤት ልጆች ብቻ ተሰብስበናል ብለን አናስብም። በኮሪያም ከወዲያኛው ወገን የሞተው የቻይናና የሰሜን ኮሪያ ወታደር እናት ነበረችው። ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በፓንሙንጆም በተፈረመ የተኩስ ማቆም ስምምነት ጋብ አለ እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ የሰላም ውል አልተፈረመበትም፤ አገሪቱም ለሁለት እንደ ተከፈለች ናት። ስለዚህ የምናስባቸው ስለ ገደሉ ሳይሆን ጓደኛቸውን ስላልጣሉ፥ የተጠቃውን ስለ ረዱ፥ የሙት ልጅ ስላሳደጉ ነው።

ሦስተኛ፥ ማሰብ ሥራ ነው፤ በንግግር ብቻ አይፈጸምም። በ1943 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጕልማሳ የነበረ ሰው በሕይወት ቢኖር ዛሬ ዕድሜው ከዘጠና ዓመት በላይ ነው። በሕይወት ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈ መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን በመካከላችን አሉ፤ ከእነርሱ ዘንድ ፎቶግራፍ፥ ደብዳቤ፥ ኒሻን፥ የተቀደደ የወታደር መታወቂያ ይገኛል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ሦስት ነገር ለማድረግ ተስማምተናል። በልደታ፥ በአብነት፥ በጌጃ ሰፈርና በጦር ኃይሎች አካባቢ ወደሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በትሕትና ሄደን፥ ፈቃዳቸው ከሆነ፥ ስለ ዘመቱ ዘመዶቻቸው የሚነግሩንን እንጽፋለን። በኮሪያ ብቻም አንወሰንም፤ በማይጨው፥ በአርበኝነት፥ በኮንጎም የነበሩትን እንጠይቃለን። ሁለተኛ፥ የሰበሰብነውን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በመዝገብ እናኖራለን፤ የሰማነውን እንደ ሰማን፥ ያረጋገጥነውን እንደ ተረጋገጠ ለይተን እንጽፈዋለን። ሦስተኛ፥ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር፥ የመጀመሪያው ቃኘው በተነሣበት ወር፥ በጧት ሰልፍ ላይ ያገኘናቸውን ስሞች ቆመን እናነባለን። ይህ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

መምህሮቻችን ሆይ! በዚህ ሥራ እንድትመሩን፥ ስንሳሳት እንድታርሙን እንለምናችኋለን። ወላጆቻችን ሆይ! በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ፎቶግራፍ «ማን ነው ይህ?» ብለን ስንጠይቃችሁ አትሰልቹብን፤ ስሙን ንገሩን፥ ከየት እንደ ነበረ፥ ምን ይወድ እንደ ነበረም ጨምራችሁ ንገሩን። ታናናሾቻችን ሆይ! እኛ ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ግቢ ስንወጣ መዝገቡን ተረከቡ፤ ያልሞላውንም ገጽ ሙሉት።

በ1928 ዓ.ም. ዓለም ኢትዮጵያን ጥሎ ሄደ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌላውን ጥላ አልሄደችም። ወታደሮቹም በበረዶ ኮረብታ ላይ አንዱ ሌላውን ጥሎ አልሄደም። ለእኛ የቀረልን ሥራ ከእነርሱ ሥራ በጣም የቀለለ ነው፤ እርሱም በመርሳት እነርሱን ጥለን አለመሄድ ነው።

 እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ለአገራችንም ለዓለምም ሰላምን ይስጥልን።